የቅርጫ ጄሊ

የገና ዕለት እናቴን ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ አጥሚት ስትጠጣ አገኘኋት። ቢቸና ያለው ቤቷ በልጆቿና በልጅ ልጆቿ ተሞልቷል፤ ሳሎኑ ውስጥ ዶሮ ወጡ ቀርቧል፤ ታናሽ ወንድሜ በዚያ ደጅ ድረስ በሚሰማ ድምፁ ይቀልዳል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከኩባያ ፉት ትላለች። እኔ የገባሁት አይብ ልጨምር ነበር። ስታየኝ ኩባያውን ነጠላዋ ሥር ሸሸገችው፤ የሰው ዕቃ ሲያነሳ እንደተያዘ ሰው።

«ምን እየሠራሽ ነው እማ?»

«እሳቱን እያየሁ ነዋ። ሂጂ፣ ሂጂ፤ እንግዳ ወጥ አንሶታል።»

ምድጃው ከጠፋ ቆይቷል። እንግዳ የሚባል ሰውም አልነበረም፤ ሁላችንም የሷው ነን።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መንጋጋዋን ታማ ባሕር ዳር ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። በሽታው ወጣ፤ ከሱ ጋር ጥርሶቿም ወጡ። ነፍሷ ተረፈች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ማኘክ ግን አበቃ። በርበሬ የነካው ነገር ሁሉ አፏን ያቃጥላታል። ብቻዋን ስትሆን ችግር የለም፤ አጥሚቷን፣ ሾርባዋን፣ በወተት የራሰ ዳቦዋን ትበላለች። ችግሩ ዓመት በዓል ነው። መጀመሪያ አካባቢ ከማዕዱ ትቀመጥና የደረሳትን ሁሉ እየጠቀለለች ላጠገቧ ሰው ታጎርስ ነበር። እኛም «እናት አይደለች፣ ከራሷ ቀንሳ» እያልን ደስ ብሎን እንጎርሳለን። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። የተማርን የተመራመርን ልጆቿ አፋችንን ከፍተን ስንቀበል የሷ አፍ ባዶ መሆኑን ልብ ያለ የለም። ቆይታ ደግሞ ከነጭራሹ መቀመጥ ተወች። ሥራ አለብኝ ትላለች፤ እናት በበዓል ሥራ አታጣም፤ እናምናታለን።

«አጥሚትሽን ይዘሽ ነይ፤ ከእኛ ጋር ጠጪ» አልኳት።

«በገና ቀን፣ ሰው ፊት አጥሚት? አራስ ነኝ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሰው እኩል ካልበላሁ ጓዳዬ ይሻለኛል። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ከዚያ አይቡን ሰጥታ ወደ ሳሎን ገፋችኝ። የዚያን ቀን ምግብ እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

እኔ ሞጣ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በተፈጥሮዬ ችኮ ነኝ፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል፣ የፈታሁት ባልም ያውቀዋል። እናቴ «ይቺ ልጅ በሩ ሲዘጋባት ግድግዳውን የምትገፋ ናት» ትለኛለች፤ አንዳንዴ እያሞገሰች፣ ብዙ ጊዜ እየተማረረች። ከቢቸና ስመለስ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን ሳያልፍ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር። በሚመጣው ፋሲካ እናቴ ከሳሎኑ፣ ከልጆቿ መሀል ተቀምጣ፣ ሁሉም የሚበላውን ትበላለች። የበሽተኛ ምግብ አይደለም። ለሷ ብቻ ተለይቶ የቀረበም አይደለም። የበዓል ምግብ፣ ሁሉም ሳህኑ ላይ ያለው፣ ግን ጥርስ የማይጠይቅ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም እንጂ እንዳለ ርግጠኛ ነበርኩ።

ያገኘሁት ባሕር ዳር ነው። ጾሙ ሊገባ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ለሥልጠና ሄጄ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የልጇን ልደት ልታከብር ቤቷ ጠራችኝ። ከኬኩ ጎን በጎድጓዳ ሳህን የቀረበ ቀይ ነገር ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ሙዝና ብርቱካን ይታያል፤ ጠረጴዛውን ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። የባለቤቷ አባት፣ ጥርስ የሚባል ያልቀረላቸው ሽማግሌ፣ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉት። ዓይኔን ከሳቸው ላይ መንቀል አቃተኝ። እኔም ቀመስኩ። ምላስ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይቆይና ራሱ ይሟሟል።

«ጄሊ ነው እኮ፤ ቀላል ነው» አለችኝ ባልደረባዬ። «ዱቄቱን በፈላ ውሃ ትበጠብጪዋለሽ፤ ፍራፍሬ ከትፈሽ ትጨምሪበታለሽ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያድርና ይረጋል። በቃ።»

በማግስቱ ሱፐርማርኬት ገብቼ በእጄ የቻልኩትን ያህል ፓኬት ገዛሁ። ወንድሜ ደውሎ ከባሕር ዳር ምን እንዳመጣሁለት ሲጠይቀኝ «የእናታችንን ፋሲካ» አልኩት፤ ገና ስላልገባው ሳቀ።

ሞጣ የምኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ሙስሊም ናት፤ በምናገረው ሁሉ ትስቃለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍሪጅ አላት። ለፋሲካ እጄን ላፍታታ ብዬ በጾሙ መሀል መለማመድ ጀመርኩ። ፍራፍሬና ስኳር ነው፤ ጾም የሚያስፈርስ ምን አለበት? የመጀመሪያውን የሠራሁት ከዓባይ በረሃ በመጣ ፓፓያ ነበር፤ ለስላሳ ስለሆነ ለእናቴ ይስማማል ብዬ። አድሮም አልረጋ፣ ውሎም አልረጋ። ጎረቤቴ ፍሪጇን ከፍታ «ጁስ ነው እንዴ ያስቀመጥሽው?» አለችኝ። ፓኬቱ ላይ በጥቃቅን ፊደል ጥሬ ፓፓያና ጥሬ አናናስ እንዳይገባበት ተጽፏል፤ ማን አንብቦ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በሁለተኛው ፓፓያውን አውጥቼ ሙዝና ማንጎ አደረግኩበት፤ ረጋ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በማንኪያ አንድ ጊዜ ላስኩ፣ ደገምኩ፣ ከዚያ ጎረቤቴን ጠርቼ ማንኪያ ሰጠኋት።

ማንኪያውን ይዛ ባዶውን ፓኬት ከጠረጴዛው አነሳችና ወደ መስኮቱ ዞራ ማንበብ ጀመረች።

«እህቴ፣ እኔ ይሄን አልበላም።»

«ለምን? ፍራፍሬ ነው!»

«ጀላቲን አለበት። ጀላቲን ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ ነው የሚሠራው። ማን እንዳረደው የሚያሳይ ምልክት የለበትም። እኛ ዕቃ ስንገዛ ጀርባውን የምናነበው ለዚህ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗ ፈጠጠ። «ቆይ፣ አንቺስ? ጾም ላይ አይደለሽም እንዴ?»

የኔ ማንኪያ አፌ ውስጥ ነበር። የሷ ረመዳን ከተፈታ ሰነባብቷል፤ የኔ ገና አላለቀም። እኔ በዐቢይ ጾም ቆሜ ሥጋ ስልስ፣ ጾሜን ያስታወሰችኝ ሙስሊም ጎረቤቴ ሆነች። መጀመሪያ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። እኔም አልቻልኩም። ወለሉ ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪወጣ ሳቅን፤ ቀጥሎ ግን ማን እንዳረደው የማይታወቅ ሥጋ እናቴ እንደማትነካ ትዝ አለኝ። ለፋሲካ ያሰብኩት ነገር ሁሉ ከፊቴ ፈረሰ።

ለወንድሜ ስነግረው መፍትሔው ዝግጁ ነበር። «አትንገሪያት እታለም። ቀይ ነገር ነው፣ ይጣፍጣል፣ ትበላለች፣ አለቀ። ለመሆኑ ማን ይነግራታል?»

«እኔ እነግራታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ከጓዳ አውጥቼ ማታለያ ላይ ላስቀምጣት ነው እንዴ? ይቺ ሴት ሐኪሞቹ በጾም ወተት ጠጪ ባሏት ጊዜ እንኳን የነፍስ አባቷን ፈቃድ ሳታገኝ አልቀመሰችም። ደወልኩላትና ያሰብኩትንም የደረሰብኝንም ነገርኳት።

«ማን ባረከው?» አለችኝ። እኛ ዘንድ ያለስመ ሥላሴ የታረደ ሥጋ አይበላምና ጥያቄው ቢላዋውን ማን ያዘ ማለት ነው።

«አይታወቅም እማ። ከውጭ አገር ነው የሚመጣው።»

«ምን እንስሳ እንደሆነ፣ ማን እንደባረከው በማላውቀው ነገር እኔ በስተርጅና ልፈስክበት? ተይው ልጄ። ደግ አስበሻል። እኔ አጥሚቴን እጠጣለሁ። ተይው።»

«ተይው» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም። ደግሞ በዚህ ፍቅር በተሞላ ድምፅ ሲባል ይብስብኛል። ያን ቀን የተረፉትን ፓኬቶች ለግቢው ሕፃናት ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብዬ ጓዳ ወረወርኳቸውና ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ ተነጫነጭኩ።

እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጠኛለች። «ነገሩ አጥንት ከሆነ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ቢቸና አጥንት ጠፍቶ ነው?»

ለቀልድ ነበር ያለችው። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ቢቸና ብርድ አገር ነው። የበዓል ማግስት የቅልጥሙን ድስት ስንከፍት መረቁ በቢላዋ እስኪቆረጥ ረግቶ እናገኘዋለን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሁልጊዜ እሳት ላይ ጥደን እናቀልጠዋለን። ያ የረጋው ነገር ራሱ ጄሊው ነበር። ስኳርና ብርቱካን ያየው ሰው የለም እንጂ። ፋሲካ ላይ ደግሞ ቅርጫ አለ። ወንድሜ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ በሬውን የሚባርኩት የቅርጫው ዳኛ ናቸው፤ እናቴ በስም ታውቃቸዋለች፣ ዘመናቸውን ሙሉ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰዋል። የዚያ በሬ እግር እጄ ቢገባ ማን ባረከው የሚለው ጥያቄ መልስ አለው።

መሞከሪያ ግን አልነበረኝም። ጾም ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ዘግተዋል። በበዓሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቼ ቢበላሽ ሁለተኛ በሬ አይታረድልኝም።

«ከኛ ሉካንዳ እግር አመጣለሁ» አለች ጎረቤቴ። «በኔ ቤት፣ በኔ ድስት እንሠራዋለን። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ እቀምሳለሁ። አንቺ አፍሽ ላይ እንዳታደርሺው፤ ጾምም ነው፣ የእስላም ሥጋም ነው፤ ደግሞ ሁለተኛ ኃጢአት በኔ በኩል እንዳይመጣብሽ።»

እንዲህ ተጀመረ። እጁ የኔ፣ ምላሱ የሷ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ነፃ ስሆን እሷ ተረኛ ካልሆነች ከሰል አያይዘን ትልቁን ድስት እንጥዳለን። የመጀመሪያው መረቅ ረጋ፤ በጣም ረጋ፤ ጎረቤቴ ግን ገና ስትቀምሰው ፊቷን አጨማደደች። «ወላሂ ኮቴ ኮቴ ይላል። በሬው ድስቱ ውስጥ ቆሞ ነው ያለው።» በሚቀጥለው እግሩን በደንብ ለብልበን፣ ፍቀን፣ የመጀመሪያውን ውሃ አፍልተን ደፋነው። ከዚያ በአዲስ ውሃ፣ እሳቱን አንሰን፣ ዝንጅብልና ቀረፋ ጥለንበት ቀኑን ሙሉ አንተከተክነው። ስቡን ገፈፍን። ጥርት እንዲል የእንቁላል ነጭ መትተን ስንጨምርበት ቆሻሻውን ሁሉ ሰብስቦ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ፤ በሻሽ አጠለልነው። ስኳር፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ሎሚ። መብራት ስለሄደ ፍሪጁ አልሠራም፤ ሳፋ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀመጥነው። ነገ ይረጋል አይረጋም ብለን ስንጨነቅ መረቁ ጣቶቼን እርስ በርስ እንዳጣበቀ አስተዋልኩ። ረጋ። ከዚያ በኋላ ምልክቴ የጣቴ መጣበቅ ሆነ።

ጎረቤቴ ዓይኗን ጨፍና ቀመሰችው። እኔ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ ተማሪ አፏን አያለሁ።

«አሁን በሬው ሄዷል» አለችኝ።

ግን እኔ አልቀመስኩትም። ለእናቴ ፋሲካ የማቀርበውን ምግብ ጣዕሙን ሳላውቅ፣ በሰው ምላስ አምኜ ወደ ቢቸና ሄድኩ። ፌስታሌ ውስጥ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ማንጎና ሙዝ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሌላው ሰው ዶሮና እንቁላል ታቅፎ ነበርና ሴቶቹ ለምን ፍራፍሬ ብቻ እንደያዝኩ ጠየቁኝ። «በሬው እዚያ ይጠብቀኛል» አልኳቸው።

ወንድሜን አስቀድሜ በስልክ «የበሬውን እግሮች አስቀምጥልኝ» ብዬዋለሁ። «ሰው ጎድን ሲለምን አንቺ ኮቴ?» ብሎ ስቆ ዘግቶታል። እሁድ ጠዋት ከፈሰክን በኋላ ስጠይቀው ቀልድ መስሎት እንደነበር ነገረኝ፤ ያን ጊዜ ቅርጫው እየተከፋፈለ ነው። ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ ወጣሁ። ቅርጫ የሚከፋፈልበት ሜዳ የወንዶች ቦታ ነው፤ ሴት መደቧ ቤቷ ሲደርስላት ትቀበላለች እንጂ እዚያ አትቆምም። ቅጠሉ ላይ ሥጋው በየመደቡ ተደርድሯል። ስደርስ ወሬው ቆመ። ወንድሜ ተከትሎኝ መጥቶ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ሌላ ሰው ለመምሰል ሞከረ።

«እንኳን አደረሰዎ አባቴ» አልኳቸው የቅርጫውን ዳኛ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ምነው ልጄ፣ መደቡ አነሰብን ብለሽ ልትከሺን መጣሽ?»

«አይደለም። እግሩን ፈልጌ ነው።»

«የማንን እግር?»

«የበሬውን።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አንዱ «የመንግሥት ደሞዝ እንዲህ አድርሷችኋል እንዴ!» አለ። ደሜ ፈላ፤ መልስ ነበረኝ፤ ዋጥኩት። መልስ ፈልጌ አይደለም የመጣሁት፣ እግር ፈልጌ ነው። ሽማግሌውን ጠጋ ብዬ ሌላው በማይሰማው ድምፅ እናቴ ከታመመች ወዲህ ከሰው ጋር በልታ እንደማታውቅና ምን ልሠራ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ቢላዋቸውን ቅጠሉ ላይ ጠረጉት።

«እግርና ጭንቅላት የአራጁና የሥጋ ከፋፋዩ ድርሻ ነው፤ ለአጋዦቼ ነው የምተወው። ሁለቱን የወሰደ ወስዶታል፤ ከእጁ አልነጥቅም። የቀሩት ሁለቱ ያንቺ ናቸው» አሉኝ። ራሳቸው አንስተው ሰጡኝና ጎንበስ አሉ። «በእጄ ነው የባረክሁት። እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።»

እግሮቹን በሳፋ አቅፌ ሰፈሩን አቋርጬ ስሄድ ከየበሩ «ጉድ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ይበሉ።

የእናቴን ጓዳ ቀማኋት። እግሮቹን በእሳት ስለበልብ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ መጥታ በሩን ገፋች፤ ከውስጥ ያዝኩት።

«ምንድን ነው የሚያረው? ክፈቺ!»

«ሳሎን ተቀመጪ እማ።»

«በገዛ ጓዳዬ!»

«በገዛ ጓዳሽ።»

እያጉረመረመች ሄደች። ቀኑን ሙሉ ሦስቴ አራቴ ተመልሳ መጣች፤ አንዴ ለጨው፣ አንዴ ለወንፊት፣ አንዴ ምክንያት ሳታገኝ። አላስገባኋትም። በአራት እግር ተለማምጄ ሁለት ነው ያገኘሁት፤ መረቁ ጣቴን እስኪያጣብቅ ሳንተከትከው መጥጦ ድስቱ ግርጌ ሄዶ ተቀመጠ። አንድ ትሪ ብቻ ወጣው፣ ያውም ስስ። ለእናቴ ብቻ ላድርገውና ጠግባ ትብላ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ግን ለሷ ብቻ ከሆነ ያው አጥሚት ነው፤ መልኩ አማረ እንጂ። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሳል ብዬ ወሰንኩ። ማንጎና ሙዙን በስሱ ከትፌ፣ ብርቱካኑን ከነስስ ቆዳው ገፍፌ ደረደርኩበትና ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ላይ አስቀመጥኩት። ድመቷ እንዳትደርስበት ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት።

ሰኞ ጠዋት ድንጋዩን አነሳሁ። ትሪውን ዘንበል አደረግኩት፤ አልፈሰሰም። ከጠርዙ በማንኪያ ቆርጬ፣ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት። ብርቱካኑ ይቀድማል፤ ሎሚው ይከተላል፤ ከኋላ የሆነ ስሙን የማላውቀው ነገር አለ፤ ግን ጥሩ ነው፣ ደህና አድርጎ ጥሩ ነው። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ዘለልኩ።

የእኛ ቤት ሰው የሚሰበሰበው ሰኞ ነው። እሁድ ሁሉም በየቤቱና በየአማቱ ይውላል፤ ሰኞ ወደ እናት። ሳሎኑ ሞላ። መሶቡ ቀረበ፤ እናቴ ለሁሉም ቦታ ቦታ ስትሰጥ ቆይታ «በሉ ብሉ፤ እኔ ጠላውን ልይ» ብላ ተነሳች። እኔ ጓዳው በር ላይ ትሪውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«አትገቢም» አልኳት።

ሁሉም ዞሮ አየን። ፊቷ ተቀያየረ፤ በሰው ፊት ምን ልናገር እንደምችል የፈራች መሰለኝ። በሩን ሞልቼ ቆምኩ። ትንሽ ተፋጠጥን፤ ከዚያ ተመልሳ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጠች።

ትሪውን መሀል አስቀምጬ በቢላዋ ቆረጥኩት። መጀመሪያ ለሷ፣ ቀጥሎ በዕድሜ በዕድሜ፣ ለመጨረሻዋ ሕፃን ሳይቀር ለሁሉም እኩል። ወንድሜ ሳህኑን አንስቶ ወዘወዘው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ምነው ይንቀጠቀጣል፣ ማን አስፈራርቶት ነው?» ልጆቹ ተንጫጩ። እናቴ አልሳቀችም። ሳህኗን ታያለች።

«ምንድን ነው?»

«ነግሬሽ ነበር። ጄሊ ነው።»

«ማን ባረከው አላልኩሽም?»

«የቅርጫችን በሬ ነው እማ። ከእግሩ ነው የሠራሁት። የቅርጫው ዳኛ በእጄ ነው የባረክሁት ብለሽ ንገሪያት ብለውኛል።»

ወንድሜ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የሳበበት ሜዳ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ዓይኑን ሰበረ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ እጄን አየች፤ ከእሁድ ጀምሮ ስለበልብና ስፍቅ የተላላጠውን እጄን። ከዚያ አማተበችና ማንኪያዋን አነሳች።

አንድ ማንኪያ ወሰደች። በዚህ አንድ ማንኪያ ውስጥ የገናው ጓዳ ነበረ፣ ከኔ የተሸሸገው ፊቷ ነበረ፤ ጉሮሮዋን ነው የማየው። አፏን ገጠመች። ጠበቀች። ዋጠች። ሁለተኛ ወሰደች። ቤቱም መብላት ጀመረ፤ ወሬው ተመለሰ፤ አንዱ ጣፈጠኝ ይላል፣ አንዱ ገረመኝ ይላል፤ እሷ ማንንም አትሰማም። ጎንበስ ብላ፣ እንደማንኛችንም፣ ከማንኛችንም ጋር እኩል ትበላለች። እኔ የራሴን መንካት ረስቼ ነበር።

ወንድሜ የደረሰውን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ ሳህኑን ላሰ። ዞር ዞር አለ፤ ትሪው ባዶ ነው። የበኩር ልጁን ሊድር የደረሰ ትልቅ ሰው፣ ለመጨረሻ ልጅ እንደሚገባው ምንም ሳያስብ ማንኪያውን ወደ እናቴ ሳህን ሰደደ።

እናቴ በማንኪያዋ እጁን መታችው።

«እጅህን ሰብስብ! ያንተን በልተህ የለም እንዴ? ይሄ የኔ ነው።»

ሳህኑን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችና እስከ መጨረሻው በላችው።